የመኪናዬ ማሞቂያ ፋን 4 ቁጥር ላይ ብቻ ይሠራል፤ ራሴ መጠገን እችላለሁ?

ሰብለ_ሚኒሶታ
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ የ2005 ቶዮታ ኮሮላ ናት። የማሞቂያው ፋን 1፣ 2 እና 3 ቁጥር ላይ ፈጽሞ አይነፍስም። 4 ላይ ሳደርገው ግን በሙሉ ጉልበቱ ይነሳል። የሚወጣው አየር ሙቅ ነው፤ እሱ ላይ ችግር የለም። ግን 4 ላይ አድርጎ ረጅም መንገድ መንዳት ጆሮ ያደነቁራል። ዓይንም ያደርቃል።

አንድ ጋራዥ ወስጄ አሳየሁ። «ሬዚስተሩ ተቃጥሏል፣ 290 ዶላር» አሉኝ። ኢንተርኔት ላይ ሳይ እቃው ከ20 እስከ 40 ዶላር ነው። ልዩነቱ አናደደኝ። የምሠራው የሌሊት ፈረቃ ነው፤ ስወጣ መስታወቱ በረዶ ጋግሮ ይጠብቀኛል። ስለዚህ ፋኑ ለእኔ ቅንጦት አይደለም። ጎማ ከመቀየርና ዘይት ከማየት በቀር መኪና ነክቼ አላውቅም። ቤት ውስጥ ካቻቢቴና ፒንሳ አለ። ራሴ መቀየር እችላለሁ ወይስ እጄን ልሰብስብ?

ዮናስ_ኦሮራ
ሰብልዬ፣ ትችያለሽ። ኮሮላ ላይ ከዚህ የቀለለ ሥራ የለም። ግሎቭ ቦክሱን ታወርጃለሽ፣ ሶኬቱን ትነቅያለሽ፣ ሁለት ብሎን ትፈቻለሽ፣ አዲሱን ትተኪያለሽ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅብሽ ነው። ብርሽን ለራስሽ አስቀሪው።

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ሰላም ሰብለ ልጄ። ዮናስ ልክ ነው፤ ሥራው ቀላል ነው። ግን እቃውን ከማዘዝሽ በፊት ትንሽ ታገሺኝ። አዲስ አበባ ብዙ ዘመን የመኪና ኤሌክትሪክ ሠርቻለሁ፤ እዚህ ዴንቨርም የምሠራው ያንኑ ነው። ይህ እቃ ተቀይሮ ብዙም ሳይቆይ መልሶ ሲቃጠል ደጋግሜ አይቻለሁ። ሰው የተቃጠለውን ይቀይራል እንጂ ያቃጠለውን አይፈልግም።

አሠራሩን ልንገርሽ። የፋኑ ሞተር 12 ቮልቱን በሙሉ ካገኘ በሙሉ ኃይሉ ይዞራል። ቀስ እንዲል ከተፈለገ ኃይሉን የሚቀንስ ነገር መሃል መግባት አለበት። ያ ነው ሬዚስተሩ። በውስጡ ጥቅል ሽቦዎች አሉ። 1 ቁጥር ላይ ስታደርጊው ኤሌክትሪኩ በሁሉም ጥቅሎች ያልፋል፤ 2 ላይ በከፊሉ፣ 3 ላይ በትንሹ። 4 ላይ ግን ሬዚስተሩን አይነካውም። በጎን አልፎ በቀጥታ ይሄዳል። ለዚህ ነው 4 ብቻ የቀረልሽ።

ከጥቅሎቹ ጋር የሙቀት ፊውዝ አለ። ከልክ በላይ ሲግል ይቀልጥና መስመሩን ይቆርጣል። ሦስቱም ዝቅተኛ ፍጥነቶች ባንዴ ከጠፉ አብዛኛውን ጊዜ የተቆረጠው እሱ ነው። አንድ ቁጥር ብቻ ቢጠፋ ወይ አንዱ ጥቅል ተበጥሷል ወይ በምታዞሪው ማብሪያ ውስጥ አንድ ንክኪ ተበላሽቷል። 4ም ጭምር ቢጠፋ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ያኔ መጀመሪያ የፋኑን ዋና ፊውዝ፣ ከዚያ ሪሌዩን (በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ማብሪያ)፣ ከዚያ ሞተሩን ማየት ነው። ንፋሱ ኖሮ አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆን ደግሞ ፋኑን አትንኪው፤ የራዲያተር ውሃ መጠንና ቴርሞስታት ነው የሚታየው።

ታዲያ የሙቀት ፊውዙ ለምን ቀለጠ? ሬዚስተሩ የተቀመጠው ፋኑ በሚነፍስበት ቱቦ ውስጥ ነው። የሚቀዘቅዘውም በዚያው ንፋስ ነው። ወደ መኪናው ውስጥ የሚገባውን አየር የሚያጣራው ፊልተር በአቧራና በቅጠል ሲደፈን ንፋሱ ያንሳል፣ ሬዚስተሩም ይግላል። ሌላው ሞተሩ ራሱ ነው። ቡሺንጉ፣ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት፣ ሲደርቅ መዞር ይከብደዋል፤ ሲከብደው ብዙ አምፔር ይስባል፤ ያ ሁሉ አምፔር በሬዚስተሩ በኩል ያልፋል።

ስለዚህ እስቲ ንገሪኝ። ሞተሩ ሲነሳ ድምፅ ያሰማል? ፊልተሩ መቼ ነው የተቀየረው? በተሳፋሪው በኩል ያለው ምንጣፍ እርጥብ ነው?

ሰብለ_ሚኒሶታ
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ምንጣፉ ደረቅ ነው። ፊልተር እንዳለውም አላውቅም ነበር። ድምፁ ግን አለ! ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጠዋት ሲነሳ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ መኪናው ሲሞቅ ይተወዋል። የብርድ ጠባይ ነው ብዬ ትቼው ነበር።

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
የፈለግሁት ይህን ነው። ያ ሲጥታ የደረቀ ቡሺንግ ነው። ሬዚስተሩን እዘዢ፤ ነገር ግን የሞተሩንም ዋጋ እግረ መንገድሽን እዪ። ስትከፍቺው ሞተሩን በእጅ ትፈትሺዋለሽ፤ ደህና ከሆነ ገንዘብሽ ተረፈ።

ዳዊት_ቪትዝ_አዲስ
ሰላም ጋሽ አበራ። እኔ አዲስ አበባ ቪትዝ ነው የምነዳው፤ ራይድ እሠራለሁ። የእኔም ልክ እንደ እህታችን 4 ላይ ብቻ ቀርቶ ነበር። ማሞቂያ እዚህ ብዙም አያስፈልግም ትሉ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ ግን ዝናብ ሲመጣ ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ መስታወቱ በአንድ ደቂቃ ጉም ይለብሳል። ያለ ፋን ሰው ጭኖ መንዳት ያስፈራል።

ሰፈር ያለ ኤሌክትሪሽያን ሬዚስተሩን አውጥቶ ፊውዝ መሰል ነገሩ ላይ ሽቦ በየደበት። ሁሉም ቁጥር ተመለሰ። ዋጋውም ቀላል ነበር። ግን የእርስዎን ጽሑፍ ሳነብ ልቤ ጠረጠረ። ችግር አለው?

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ዳዊት፣ አለው። በጣም አለው። እባክህ ይህን ጉዳይ ዛሬ ነገ አትበለው።

ያ የተበየደው ሽቦ የቆመው በሙቀት ፊውዙ ቦታ ነው። ፊውዙ ሥራው አንድ ነው፤ ሬዚስተሩ ሲግል መቁረጥ። አሁን የሚቆርጥ የለም። ሞተሩ ነገ ቢጣበቅ፣ ማለትም ኤሌክትሪክ እየሳበ መዞር ቢያቅተው፣ ንፋስም የለም፣ ማቀዝቀዣም የለም። ሬዚስተሩ ፕላስቲክ ቤት ውስጥ እስኪቀላ ይግላል። ዙሪያው ፕላስቲክ፣ ስፖንጅና የደረቀ ቅጠል ነው። ዋናው ፊውዝ እስኪቃጠል ብትጠብቅ እሱ 30 ወይም 40 አምፔር ነው፤ ለሬዚስተር ሙቀት የተሠራ አይደለም። የመኪና ቃጠሎ ከሚነሳባቸው መንገዶች አንዱ እንዲህ ያለ ጥገና ነው።

መጠገን ከተፈለገ እኮ መንገድ አለ። የሙቀት ፊውዙ ለብቻው ይሸጣል፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን የሙቀትና የአምፔር ልክ አይተህ ያንኑ መግዛት ነው። ግን በስታኞ (ቀልጦ ሽቦ በሚያያይዘው ብረት) ከተበየደ በብየዳው ሙቀት ራሱ ይቀልጣል። በመጭመቂያ ቱቦ ተጨምቆ ነው የሚያያዘው።

ኃይሌ_ዲሲ
ይቅርታ ጋሼ፣ ትንሽ አጋነኑት መሰለኝ። እኔ ሀገር ቤት እያለሁ አባቴ ታክሲ ላይ እንዲህ ተደርጎ ለዓመታት ሠርቷል። ምንም አልሆነም። ሰው እቃ በማያገኝበት ቦታ ምን ያድርግ?

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ኃይሌ፣ አባትህን እግዚአብሔር ጠበቃቸው። የእቃ ችግሩንም አውቃለሁ፤ እዚያው ነው ያደግሁት። ግን ለዓመታት የሠራው ሞተሩ ጤነኛ ስለነበር ነው። የሙቀት ፊውዝ የሚያስፈልገው ሞተሩ በሚታመምበት ቀን ነው፤ የዳዊት ሬዚስተር ደግሞ አንዴ ተቃጥሏል። አንድ ነገር ሲያቃጥለው ነበር ማለት ነው። ያ ነገር አልተነካም፣ ጠባቂው ግን ተነስቷል። እቃ እስኪገኝ 4 ላይ ብቻ እያደረጉ መንዳት ይሻላል። ጫጫታው ሰው አይጎዳም።

ኃይሌ_ዲሲ
እሺ ጋሼ፣ ገባኝ። 4 ላይ በሬዚስተሩ አያልፍም ያሉት ነገር ነው ያሳመነኝ።

ሜሮን_ሲያትል
ሰብለ፣ እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ከግሎቭ ቦክሱ በላይ የተሳፋሪው ኤርባግ አለ። ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽቦ ካየሽ የኤርባግ መስመር ነው፤ አትንኪው። ደግሞ ሥራ ከመጀመርሽ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍቺና ቢያንስ 90 ሴኮንድ ጠብቂ። ቶዮታ ራሱ የሚለው ነው። ኤርባጉ ባትሪ ከተፈታ በኋላም ለጥቂት ጊዜ ኃይል ይይዛል።

ሁለተኛው ከዚህም ይበልጣል። ከ2003 እስከ 2008 የተሠሩ ኮሮላዎች ታካታ የተባለው ኩባንያ በሠራቸው ኤርባጎች ጥሪ ውስጥ አሉ፤ ጥሪ ማለት ጉድለት ያለበት መኪና እንዲስተካከል ባለቤቱን መጥራት ነው። የሚነፋው ክፍል በእርጅናና በእርጥበት ተበላሽቶ፣ ሲፈነዳ ብረት የሚረጭ ነው። በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ የመኪና ጥሪ ነው። የሻንሲ ቁጥርሽን የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት ባለሥልጣን ድረ ገጽ ላይ አስገብተሽ እዪ። የአንቺ ካልተቀየረ በነፃ ይቀየርልሻል። መኪናውን ከሌላ ሰው ገዝተሽው ከሆነ በተለይ እዪው፤ የጥሪው ደብዳቤ ለቀድሞው ባለቤት ሄዶ ሊሆን ይችላል።

ሰብለ_ሚኒሶታ
ሜሪዬ ተባረኪ። አሁኑኑ አየሁት፤ የእኔ ተቀይሯል። የገዛሁት ከሰው ስለነበር በጣም ነው የፈራሁት።

ሬዚስተሩ ደግሞ መጣ። ጋራዥ የለኝም፣ አፓርትመንት ፓርኪንግ ላይ ነው የምሠራው። ውጭው ከዜሮ በታች 15 ሴልሺየስ ነው። እንዴት ልጀምር?

ዮናስ_ኦሮራ
መጀመሪያ መኪናውን አስነሺና ፋኑን 4 ላይ አድርገሽ ውስጡ ደህና እስኪሞቅ ጠብቂ። ለአንቺ ምቾት ብቻ ብዬ አይደለም። ብርድ ላይ ያለ ፕላስቲክ ደረቅ ነው፤ ግሎቭ ቦክሱን ጎን ለጎን ስትጫኚው ጥርሱ ይሰበራል። የሶኬቱም ምላስ እንደዚያው። ከሞቀ በኋላ አጥፊና ባትሪውን ፍቺ። የሬዲዮው ሰዓት ይጠፋል፤ አይግረምሽ።

ግሎቭ ቦክሱን ባዶ አድርጊ። በአንድ ጎኑ ቀስ ብሎ እንዲከፈት የያዘው ቀጭን ክንድ አለ፣ እሱን አንሸራተሽ አውጪ። ከዚያ ሁለቱን ጎኖች ወደ ውስጥ ስትጫኚያቸው ማቆሚያውን አልፎ ወደ ታች ይወርዳል። ከማጠፊያው ላይ አንስተሽ አስቀምጪው።

አሁን ከፊትሽ ትልቅ ጥቁር የፕላስቲክ ቤት ታያለሽ። ከታች ክብ ሆኖ የሚታየው ሞተሩ ነው። ሬዚስተሩ ከእሱ ራቅ ሳይል እዚያው ቤት ላይ ተሰክቶ ነው ያለው፤ ብዙ ሽቦ የገባበት ሶኬትና ሁለት ትንንሽ ብሎን አለው። የስልክሽን መብራት ተጠቀሚ። ሶኬቱን ስትነቅይ ምላሱን ተጫኚ እንጂ ሽቦውን አትጎትቺ። ብሎኖቹን ስትፈቺ እጅሽን ከስር ያዢ፤ ምንጣፉ ውስጥ ከገቡ ፍለጋው ከሥራው ይረዝማል። ጫፉ ማግኔት ያለው አጭር ካቻቢቴ ካገኘሽ ጥሩ ነው።

የወጣውን አትጣይው። ከአዲሱ ጎን አስቀምጪና ፒኖቹ በቁጥርም በአቀማመጥም አንድ መሆናቸውን እዪ።

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ዮናስ ጎበዝ፣ ጥሩ አድርገህ ነው የጻፍከው። እኔ የምጨምረው፣ ሰብለ፣ እግረ መንገድሽን ሞተሩንም አውጪው። ሶኬቱን ነቅለሽ ሦስት ብሎን ስትፈቺ ወደ ታች ይወርዳል። ነጩን መንኮራኩር በጣትሽ አዙሪው። ጤነኛ ሞተር ለቀቅ ብሎ ይዞራል፣ ድምፅም የለውም። ከጎተተ፣ ካሻከረ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ጎን ከተወዛወዘ ዕድሜው አልቋል። የወጣበት ቤት ውስጥም መብራት አስገብተሽ እዪ። ቅጠል፣ የጥድ ፍሬ፣ እናንተ ጋ ደግሞ የአይጥ ጎጆ እንኳ ይገኛል። አይጥ ብርድ ሲሆን የሚሞቅ ቦታ ይፈልጋል፤ ፊልተሩን ቦጫጭቆ ጎጆ ይሠራበታል። ካገኘሽ ጓንትና ማስክ አድርጊ፣ በደረቁ አትጥረጊው።

ሰብለ_ሚኒሶታ
ሠራሁት! ግን አንድ ነገር አስደንግጦኛል። አሮጌው ሬዚስተር ላይ ሁለት ፒኖች ቡናማ ሆነዋል። የመኪናው ሶኬት ደግሞ በእነዚያው ፒኖች በኩል ፕላስቲኩ ቀልጧል። አዲሱ ግን ገብቷል፤ ፋኑም በአራቱም ቁጥር ይሠራል። ፊልተሩ ቅጠልና አቧራ ተጋግሮበት ጥቁር ሆኖ ነበር፤ አዲስ አስገባሁ። ሞተሩን ሳዞረው ሻከር ይላል፣ ግን አይቆምም። አሁን ተውኩት ልበል?

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
እንኳን ደስ ያለሽ፤ ከባዱን ነገር ጨርሰሻል። ግን አትተዪው። የቀለጠ ሶኬት ውስጥ አዲስ እቃ መሰካት የአዲሱን ዕድሜ ያሳጥራል። የቀለጠው ውስጡ ያሉት የብረት ጥርሶች ስለላሉ ነው። የላላ ጥርስ በጥቂቱ ነው የሚነካው፤ በዚያ ጠባብ ቦታ ብዙ አምፔር ሲያልፍ ይግላል፤ ሲግል የበለጠ ይላላል። እየባሰ ነው የሚሄደው።

ሶኬቱ እስኪቀየር 4 ላይ ተጠቀሚ። እውነቱን ለመናገር 4 ላይም ቢሆን ኤሌክትሪኩ በሶኬቱ አካባቢ የሚያልፍባቸው መኪናዎች አሉ፤ ስለዚህ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሶኬቱን በእጅሽ ዳስሺው። ለብ ካለ ምንም አይደለም። እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ፋኑን አጥፊ።

ሶኬቱ ከአጭር ሽቦዎች ጋር ተዘጋጅቶ ለብቻው ይሸጣል፤ ለሬዚስተሩ ተብሎ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ቁረጪ። ሁሉንም ባንዴ ቆርጦ ቀለም መፈለግ አያስፈልግም፤ አንዳንዴ የአዲሱ ሽቦ ቀለም ከመኪናው ጋር አይገጥምም፤ በሶኬቱ ላይ ያለውን ቦታ ነው የምትከተዪው። ከመቁረጥሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺ። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል እዚህ ቦታ አይሠራም። ናስትሮው በሙቀት ይለቃል። በመጭመቂያ ማያያዣ ተጭኖ፣ ላዩ ላይ በሙቀት የሚሸበሸብ ቱቦ መግባት አለበት። የሽቦው ውፍረት ከመኪናው ሽቦ ማነስ የለበትም። ይህን ለመሥራት እጅሽ ካልደፈረ፣ ለዚች ብቻ ኤሌክትሪሽያን ብትከፍዪ አያስቆጭም።

ሞተሩን በተመለከተ፣ ሻከር ካለ ቀይሪው። እርግጠኛ መሆን ከፈለግሽ በክላምፕ ሜትር፣ ማለትም ሽቦውን ከውጭ ከብቦ አምፔር በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል። ሲገዛ ግን ዲሲ የሚለካ መሆን አለበት፤ ርካሾቹ የቤት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው የሚለኩት፣ መኪና ላይ ዜሮ ያሳዩሻል። የሞተሩን አንድ ሽቦ ብቻ ውስጡ አስገብተሽ ፋኑን 4 ላይ አድርጊ። ትንሽ መኪና ላይ ከ20 አምፔር በላይ ካነበብሽ ሞተሩን አትመኚው።

ታከለ_አሽዶድ
ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ይህ እቃ የሚቃጠለው በበጋ ነው፤ መዝጋኑ (ኤሲው) ቀን ሙሉ ስለሚሠራ። ለሙቀትም ለቅዝቃዜም ፋኑ ያው አንድ ነው። የእኔ መኪና ግን ዲጂታል ነው፤ ሙቀቱን በቁጥር ነው የምሞላው። ፋኑ አሁን በራሱ ጊዜ ይነሳል፣ በራሱ ጊዜ ይቆማል። ይህም ሬዚስተር ነው?

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ታከለ፣ አይደለም። አውቶማቲክ በሆኑት ላይ ጥቅል ሽቦ የለም፤ በትራንዚስተር የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነው። ቦታው እዚያው ንፋስ ውስጥ ነው፣ ጀርባው ላይ የአሉሚኒየም ክንፎች አሉት። ሲበላሽ ጠባዩ ይለያል፤ አንዳንዴ መኪናው ጠፍቶ እንኳ ፋኑ መዞሩን ይቀጥላል፣ ባትሪም ይጨርሳል። አንዳንድ መኪና ላይ ደግሞ መቆጣጠሪያው ሞተሩ ውስጥ ነው ያለው፤ ሁለቱ አብረው ነው የሚቀየሩት። ወደ ሞተሩ የሚገቡትን ሽቦዎች ቁጠር። ሁለት ወፍራም ሽቦ ብቻ ከሆነ መቆጣጠሪያው ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛ ቀጭን ሽቦ ካለ ውስጡ ሊሆን ይችላል። ሬዚስተር ብለህ እንዳትገዛ።

ብሩክ_ሲኤምሲ
ጋሽ አበራ፣ አዲስ አበባ አሁን ሰዉ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና እየገባ ነው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ሰፈራችን ቢዋይዲና ቮልስዋገን አይዲ 4 ብቻ ሆኗል። እነዚህ ላይስ ይህን ሥራ በቤት መሥራት ይቻላል?

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ብሩክ፣ ፋኑ ራሱ እዚያም በ12 ቮልት ነው የሚሠራው። ሙቀቱ ግን ከሞተር ውሃ አይመጣም፤ ሞቃት ሞተር የለማ። በብዙዎቹ ላይ የሚያሞቀው ከትልቁ ባትሪ በቀጥታ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ነው። በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት ነው። ብርቱካናማ ሽቦ ወይም ሶኬት ባየህበት ቦታ እጅህን አንሳ። የ12 ቮልቱን ባትሪ መፍታት ትልቁን ባትሪ ባዶ አያደርገውም። ፊልተር መቀየር ግን ማንም ይችላል። አዲስ አበባ አቧራና የጃካራንዳ አበባ ባለበት ከተማ ፊልተሩን ማየት መልመድ አለብን። ዛፍ ሥር የምታቆም ከሆነ ደግሞ ከፊት መስታወቱ በታች ያለውን ወንፊት ጥረገው። ቅጠሉም ዝናቡም የሚገባው በዚያ ነው። የውሃ መውረጃው ሲደፈን ውሃው ወደ ፋኑ ይወርዳል፤ የሬዚስተሩን ፒን ያዝገዋል፣ ሞተሩንም ይበላዋል። ሰብለን ምንጣፉ እርጥብ ነው ወይ ያልኳት ለዚህ ነው።

ዳዊት_ቪትዝ_አዲስ
ጋሼ፣ የተበየደውን ሬዚስተር አወጣሁት። ያሉት ልክ ነው፤ የተበየደበት አካባቢ ፕላስቲኩ ጠቁሯል። ለሚስቴ ሳሳያት በዚህ መኪና ልጆቹን ትምህርት ቤት አታመላልስም አለችኝ። አሁን 4 ላይ ብቻ ነው የምነዳው። አዲስ ኦርጅናል አላገኘሁም። ሶማሌ ተራ ያገለገለ አለ ይሉኛል። ያገለገለ ልግዛ?

ሰብለ_ሚኒሶታ
ዳዊት ወንድሜ፣ ጥሩ አድርገሃል።

የእኔን ላሳውቅ። ሞተሩንም ሶኬቱንም ቀየርኩ። ሶኬቱን ፎቶ አንስቼ አንድ በአንድ ነው የሠራሁት፤ መጭመቂያውን ጎረቤት አዋሰኝ። ሁሉም ተደምሮ ጋራዡ ለሬዚስተሩ ብቻ ከጠየቀኝ ግማሽ አይሞላም። ያ ሲጥታ ጠፍቷል። 1 ላይ ሳደርገው መኖሩም አይታወቅም። ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ሶኬቱን ዳስሼው ለብ ያለ ብቻ ነው። የፈረቃ ጓደኛዬ የ2007 ኮሮላዋን ይዛ መጥታለች፤ የእሷም 4 ላይ ብቻ ነው። ቀድመን ፊልተሩን አወጣን፤ ወላ አየር የሚያሳልፍ አይደለም።

ጋሽ_አበራ_ኤሌክትሪክ
ሰብለ፣ ጎበዝ ልጅ። ለጓደኛሽም ሞተሩን በጣት ማዞሩን እንዳትረሺ።

ዳዊት፣ ያገለገለ መግዛት ይቻላል፤ ግን ቴስተር ይዘህ ሂድ። ኦም ላይ አድርገህ ፒኖቹን ሁለት ሁለት እያደረግህ ለካ። ሁሉም ትንሽ ቁጥር መስጠት አለባቸው፤ ከጥቂት ኦም የማይበልጥ። መስመሩ ተቆርጧል የሚልህ ካለ የሙቀት ፊውዙ ወይም ጥቅሉ ሄዷል፣ አትግዛው። ከመለካትህ በፊት የቴስተሩን ሁለት ጫፎች አገናኝተህ ራሱ ምን እንደሚያነብ እይ፤ ርካሽ ቴስተር ለብቻውም ትንሽ ኦም ያሳያል፣ ያንን ትቀንሳለህ። የሙቀት ፊውዙ ላይ ብየዳ ወይም ሽቦ ካየህ መልሰህ ስጠው። ፒኖቹ ቡናማ ከሆኑም እንደዚያው። የድሮህን ይዘህ ሂድ፤ ቪትዝ ሁሉ አንድ አይደለም፣ በሞዴሉ ዓመት ይለያያል። ፒኑ ስለገባ ብቻ አትመን፤ በሁለቱ ላይ የምትለካው ቁጥር መቀራረብ አለበት፣ የድሮህ ጥቅሎች ካልተበጠሱ እነሱን ለብቻ ለካቸው።

ሻጩ አይለካም ካለህ ሌላ ሱቅ ሂድ።

ዳዊት_ቪትዝ_አዲስ
እሺ ጋሼ። ቴስተር ያለው ጓደኛ አለኝ፣ ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን። ሞተሩንም አውጥቼ አዞረዋለሁ። ያገኘሁትን ቁጥር እዚሁ እጽፋለሁ።